እህቴን ሳላጥብ ላስቀረኝ የጎማ ማሰሪያ ባለቤት

ይድረስ ለክቡር ሲ ጀዋድ ሰርጊኒ
የከተማችን የ«ራሓ» መኪና ማቆሚያ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። በዚህ በሞሮኳችን የሐምሌ ቃጠሎ የቢሮዎ ማቀዝቀዣ ያለ እክል እንደሚሠራ፣ ወገብዎም እንደማያስቸግርዎት፣ ከፍ ካለው መስኮትዎ ወደ ታች ሲመለከቱ በየጎዳናው ጎማቸው የተጠፈረ መኪኖች ተሰልፈው ዓይንዎን ደስ እንደሚያሰኙት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም አልሐምዱሊላህ አለሁ፤ እየበላሁም እየጠጣሁም ነው፤ ብቻ ልቤ ተሰብሯል፤ ይህ ግን በድርጅትዎ የአገልግሎት ዝርዝር ውስጥ የለምና አላስቸግርዎትም።

ስሜ ያምና ላዝራቅ ይባላል። እርስዎ ባያውቁኝም በሰፈራችን ሞት የገባበት ቤት ሁሉ ያውቀኛል፤ የሴቶች ጀናዛ አጣቢ ነኝና። ሥራውን ከእናቴ ተረከብኩ፤ ደመወዝ የለውም፣ ጠይቄም አላውቅ፤ ሲጠሩኝ የጀናዛ ሽቶዬን ካፉሬንና ሳሙናዬን ይዤ እሄዳለሁ፣ አጥቤ ከፍኜ ለቤተሰቡ አስረክባለሁ፣ ከዚያም ቤቴ ገብቼ አለቅሳለሁ። ታላቅ እህቴ ህኒያ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ከዑምራ ስትመለስ በዘምዘም ውሃ የተነከረ ከፈን ይዛ መጥታ «እንቺ፣ አንቺው ጋ ይቀመጥ። ከአንቺ እጅ በቀር የማንም እጅ እንዳይነካኝ፤ ማይልኝ» አለችኝ። ማልኩላት። እንግዲህ የዚህ ደብዳቤ ነገር ሁሉ ይኸው መሐላ ነው።

ባለፈው ዓርብ ረፋድ ላይ የእህቴ ልጅ ሱመያ ከመንደር ደወለችልኝ። «አክስቴ፣ እናቴ ሄደች። ከሰዓት፣ ከዓስር ሶላት በኋላ ነው የምትቀበረው፤ ቶሎ ድረሽ» አለችኝ። በመንደራችን ሬሳ ማቆያ የለም፣ በሐምሌ ደግሞ ማንም ሬሳ አያሳድርም። መንገዱ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ከፈኑን ከሣጥን አውጥቼ በአሮጌዋ መኪናዬ ተነሳሁ፤ ካፉር ስላለቀብኝ ግን ከቅመማ ቅመም ነጋዴው በር ላይ ቆም አልኩ። እዚህ ላይ የክቡርነትዎ ድርጅት ውለታ ይጀምራል፤ ውለታም ሲበዛ በቁጥር ማስቀመጥ ይሻላል።

፩ኛ. በመጀመሪያ ስለ ክፍያ ማሽንዎ ላመሰግን እወዳለሁ። በዚያ ጎዳና ላይ ሁላችንም ባ ዓላል የምንላቸው፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሽማግሌ መኪና ይጠብቃሉ፤ ልጆቼ ሳይወለዱም ይጠብቁ ነበር። መኪና ስናቆም ሳንቲም በእጃቸው እናደርጋለን፣ እሳቸውም ይመርቁናል፣ አለቀ። እርስዎ ባ ዓላልን ከነሰደርያቸው እዚያው ትተው፣ ማሽንዎን ከብርቱካኑ ዛፍ ጀርባ፣ ተረግሞ የቆመ ይመስል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ተከሉት። እኔም የአገሬ ሰው እንደሚሳሳተው ተሳሳትኩ፤ ሳንቲሜን ለሰው ሰጥቼ ምርቃቴን ተቀብዬ ሮጥኩ። ምርቃት ለካ ከጎማ ማሰሪያ አያድንም! ካፉሬን ይዤ ስወጣ ቢጫው ብረት የፊት ጎማዬን ነክሶ ጠበቀኝ።

፪ኛ. ለሠራተኞችዎ ፍጥነትና ትሕትና ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሁለቱ ወጣቶች እቃቸውን ሰብስበው ሊሄዱ ሲሉ ደረስኩና እህቴ እንደሞተች፣ ከፈኗም ወንበሩ ላይ እንዳለ ነገርኳቸው። አንደኛው «አላህ ይዘንላት እማማ። ግን ዛሬ ጠዋት ብቻ ሁለት ሰው እናቴ ሞተች ብሎናል» አለኝ። ባ ዓላል «እናንተ ልጆች፣ ፍሯት! ይቺ ሴት እኮ ሚስቴን ያጠበች ናት!» ብለው ጮኹ። ነገር ግን የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ልጁ ሰደርያቸውን አይቶ ሳቀና «አባባ፣ አንተ ራስህ እኮ እዚህ እንድትቆም አልተፈቀደልህም» አላቸው። እኒያ ሽማግሌ ያንን ሲሰሙ የቆሙበት ኩምሽሽ አሉ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ትንሽ ያልቃል፤ እናት ያሳደገው ልጅ ሽማግሌ ላይ አይስቅም።

፫ኛ. የሥራ ክፍፍልዎን ሳላደንቅ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። የማሰሪያውን ዋጋ አሁኑኑ ልክፈልና ፍቱልኝ ብላቸው «እኛ አሳሪዎች ነን፤ ፈቺው ሌላ ነው» አሉኝ። ፈቺውስ የታለ? «ጁምዓ ሄዷል። ከጁምዓ ወደ ቤቱ ይሄድና ኩስኩሱን ይበላል። ከዚያ ኢንሻአላህ ይመጣል።» በዓርብ ኩስኩስ ቀልድ እንደሌለ እኔም አላጣሁትም፤ መላው ሞሮኮ በዚያ ሰዓት ከገበታው ዙሪያ ነው። ያላወቅሁት ነገር ቢኖር በእርስዎ ቤት ከጁምዓ በፊት ማሰር እንጂ መፍታት እንደማይቻል ነው። ከፈኑን በክንዴ ታቅፌ ወደ ታክሲው መናኸሪያ ሮጥኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ እኮ! ሹፌሮቹም መስጊድ ገብተው ባዶ መኪኖቻቸው ፀሐይ ላይ ተገትረው ጠበቁኝ። ስልክ የደወልኩላቸው ዘመዶቼም ስልካቸውን ዘግተው ሶላት ላይ ነበሩ። መናኸሪያው ጥላ ሥር ተቀምጬ ኢማሙ ስለ ጎረቤት ሐቅ ሲሰብኩ በድምፅ ማጉያው አዳመጥኩ፤ ጥሩ ስብከት ነበር።

፬ኛ. ስለ ሕጉ። በዚያ ሁሉ መሀል «በሕግ አምላክ!» ብዬ መጮኼን አልደብቅዎትም። ያለ ምክንያት አልጮኽኩም፤ ባለፈው ክረምት የሰፈራችን ፋርማሲስት ከሶዎት ፍርድ ቤቱ «በግልጽ የተጻፈ ሕግ ሳይኖር ማንም ድርጅት የሰውን ንብረት አስሮ ሊይዝ አይችልም» ብሎ እንደፈረደብዎት አገር ያውቃል። እርስዎ ግን በሬዲዮ ቀርበው ፍርዱ የሚመለከተው የፋርማሲስቱን መኪና ብቻ ነው አሉ። እንዴት ያለ ጥልቅ ዕውቀት ነው! እንግዲያው እያንዳንዳችን ተራ በተራ ከሰንዎት፣ ተራ በተራ ረትተንዎት፣ የከተማው መኪና ሁሉ አንድ በአንድ ሕጋዊ እስኪሆን እንጠብቅ ማለት ነው። ባለሀብት ያልከፈልነውን ዕዳ በፍርድ ቤት ይጠይቀን እንጂ፣ ዳኛም ፖሊስም ሳይኖር በብረት ጠፍሮ ይይዘን ዘንድ ማን ፈቀደለት? የአንቀጹን ቁጥር ቢልኩልኝ በክብር እቀበላለሁ። ከሌለም የለም ይበሉኝና ብረቱን ከየጎማችን ያንሱ።

፭ኛ. ይህኛው ምስጋና አይደለም፤ ምን ብዬ እንደምጠራውም አላውቅ።

የታክሲ ሹፌሮቹ ከሶላት ወጥተው ለኩስኩሳቸው ወደየቤታቸው ተበተኑ፤ ከብዙ ጥበቃ በኋላ አንድ ሽንኩርት የጫነ መኪና አግኝቼ መንደር ስደርስ ወንዶቹ ከመቃብር እየተመለሱ ነበር። ሁሉም እጄን ይዘው «አላህ ያጽናሽ» አሉኝ። ወደ ግቢው ገባሁ። የታጠበችበት ሳንቃ ግድግዳውን ተደግፎ ውሃው ገና ይንጠባጠብ ነበር። ሱመያ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «አክስቴ፣ ጠበቅንሽ እኮ፤ ሽማግሌዎቹ ሙት አይጠብቅም አሉን። እኔና የጎረቤታችን ሚስት አጠብናት፤ ያየነውን ያህል ሞከርን። ፀጉሯን ግን ለሦስት ጎንጉኑ ይባላል አይደል? አልሆነልኝም። አንድ ላይ ጠቅልዬ አሰርኩት። ኃጢአት ነው?» አለችኝ። ኃጢአት አይደለም ልጄ፣ አልኳት። የስንቱን ባዕድ ሴት ፀጉር የጎነጎንኩበት እጄን ምን ላድርገው? ልጅ ሆነን ህኒያ ነበረች የእኔን ፀጉር የምትሠራልኝ፤ ስትጎትተኝ አለቅስና ትስቅብኝ ነበር። አንዲት ቀን፣ አንዲት የመጨረሻ ቀን፣ ተራው የእኔ ነበር። ከመንደሩ ሱቅ በተገዛ አቡጄዲ ተከፍና ሄደች፤ የዘምዘሙ ከፈን ግን እስከዛሬ እኔ ቤት አለ።

፮ኛ. ሐዘን ተቀምጬ ከተማ ስመለስ ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ፈቺዎ መጥቶ፣ እኔን አጥቶ፣ መስታወቴ ላይ ሁለተኛ የቅጣት ወረቀት ለጥፎልኝ ነበር፤ ምክንያቱ «ከተፈቀደው ጊዜ በላይ መቆም» ይላል። ያሰራት የእርስዎ ብረት፣ ቆመች ተብሎ የምትቀጣው የእኔ መኪና! በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይኼ ነው። ሁለቱንም ከፈልኩ። ጠበቃ ጎረቤቴ «እንክሰስ» ቢለኝም አልፈለግሁም፤ ብረታሙ ድርጅትዎ ቢፈረድበት መኪናዬን እንጂ እህቴን አይመልስልኝ። ይህን የጻፍኩት ነገ ሌላዋ ለእናቷ፣ ሌላው ለወንድሙ እየሮጠ ሳለ እንዲሁ እንዳይቀር ብዬ ነው። ቢያንስ ማሰሪያውን የያዘው ልጅ መፍቻውንም ይያዝ፤ ይህን ለማለት ሕግ መማር አያስፈልግም።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለልጆችዎ ጥላ መሆንን፣ በሄዱበት ሁሉ ሰፊ ማቆሚያን እመኛለሁ።

ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር፣ ተቀጪዎና ደንበኛዎ

ያምና ላዝራቅ

ተጨማሪ፦ ወላጅ እናትዎ ላላ ዝሁር በዚህ ሳምንት በሰፈሩ መታጠቢያ ቤት፣ ሐማም ውስጥ፣ አግኝተውኝ ነበር። ስለ እህቴ ሰምተው አጽናኑኝ፤ ብረቱ የማን እንደሆነ ግን አያውቁም፣ እኔም አልነገርኳቸው። ስንለያይ እጄን ይዘው «የእኔም ቀን ሲደርስ የሌላ ሰው እጅ አይንካኝ፤ ማይልኝ» አሉኝ። ማልኩላቸው። አላህ ቀኑን ያርቀው፤ ዓርብ ቢሆንም እንኳ ግን አይስጉ፣ ለእርስዎ እናት በእግሬ እመጣለሁ።