ሳቢሃ እሺ ስትል የቆሙት መኪኖች

ለተከበሩ አቶ ተክለጻድቅ
የእግረኛ ማቋረጫ ዘመናዊ መብራቶች ክትትል ክፍል ኃላፊ
ጅማ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ወገብዎ ከረጅም ስብሰባ የተጠበቀ፣ ወንበርዎም የማይነቃነቅ እንዲሆን አላህን እለምናለሁ። ረሺዳ አባቦራ እባላለሁ። ሄርማታ ገበያው መግቢያ ላይ፣ አዲሱን ሳጥን ካስተከሉበት ምሰሶ ሁለት እርምጃ አለፍ ብሎ ያለው ልብስ ስፌት ቤት የእኔ ነው።

በመጀመሪያ ምስጋና። ድሮ በዚያ ምሰሶ ላይ የሚጫን ቁልፍ ነበረ፤ ሰው ይጫነዋል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይጫነዋል፣ በመጨረሻ ቢስሚላህ ብሎ ይሮጣል። አሁን በእርስዎ ትጋት ቁልፉ ተነቅሎ «አይንኩ፤ እጅዎን ብቻ ያሳዩ» የሚል ሳጥን ተተክቷል። እጅ ሲያይ ለመኪናው ቀይ፣ ለእግረኛው አረንጓዴ ያበራል። ጣት አይቆሽሽም፣ በሽታ አይተላለፍም፣ ማሻአላህ ነው። ትንሽ ችግሩ እጅ ማየት አብዝቶ መውደዱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሰላምታ ለተለዋወጡ ጎረቤቶች መንገድ ዘግቷል፤ ዝንብ ላባረረ ሰው ዘግቷል፤ በሙክት ዋጋ ለሚከራከሩ ሁለት ሰዎች ሲል ከአጋሮ ቡና ጭኖ የመጣ አይሱዙ አስቁሟል። ይህን ሁሉ በደስታ ችለነዋል።

ቅሬታዬን እንደ ደንቡ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ልጄ ሳቢሃ። ሳቢሃ በአራት ዓመቷ ታማ መስማት ተሳናት፤ የምትናገረው በእጇ ነው። በከተማው ከእሷ የተሻለ ቀሚስ የሚቆርጥ የለም፤ ይህን የምለው እንደ እናት ሳይሆን እንደ ባለሙያ ነው። በቾ ቦሬ ሰፈር የእንጨት ሥራ ቤት ያለው ሙስዓብ የሚባል ወጣት፣ እሱም እንደ እሷ የማይሰማ፣ በሦስት ወር ውስጥ አንዱን ሱሪ አራት ጊዜ ወደ እኛ እያመጣ አሳጥሯል። ሱሪው ወደ ጉልበቱ ሲጠጋ ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር፤ አልገባኝም።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሙስዓብ ሱሪውን ተቀብሎ፣ ለሳቢሃ በእጁ አንድ ነገር ነገራትና፣ መልሱን ሳይጠብቅ መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ቆመ። እሷም ተከትላው ወጥታ ምሰሶው ሥር ቆመች። እኛ ጆሮ ያለን ሰዎች በዚያ ጫጫታ መሐል ከማዶ ማዶ መነጋገር አንችልም፤ እነሱ ይችላሉ። ልትመልስለት እጇን ስታነሣ ሳጥንዎ አያት። መኪናው ቆመ፤ በሁለቱም ወገን ሲጠብቅ የነበረው ሕዝብ ጆንያውን፣ ፍራሹን፣ ዶሮውን ተሸክሞ በመካከላቸው ጎረፈ፤ ሙስዓብ እጇን ማየት አልቻለም። ሕዝቡ አለፈ፣ መኪናው ተንቀሳቀሰ፣ እሷም ከመጀመሪያው ጀመረች። ሳጥኑም እንደገና አያት።

እንዲህ ሲሆን አሥራ አንድ ደቂቃ አለፈ። ባጃጆቹ ክላክሳቸውን እስከ ጊንጆ ሰፈር አሰሙ። በዚያ ጎዳና ላይ ሰላም የነበራቸው ሁለቱ ብቻ ነበሩ። እኔ ከስፌት መኪናዬ ኋላ ሆኜ ጀርባዋን ብቻ ስለማይ፣ ስለ ሱሪው ቁመት የምትከራከር መስሎኝ «ይቺ ልጅ ደንበኛ ልታሳጣኝ ነው» እያልኩ ነበር።

ሁለተኛ፣ መጥሪያው። ተቆጣጣሪዎ ሙርሺድ በማግስቱ «የመሻገር ዓላማ ሳይኖራት እጅ በማንቀሳቀስ ትራፊክ አስተጓጉላለች» የሚል ወረቀት አመጣልን። ቢሮዎ ቀረብን። አስተርጓሚ ስለሌለ እኔው እንድተረጉም አዘዙኝ። በሥራ ብዛት ረስተውት ከሆነ ላስታውስዎ።

«አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ምን ስትል ነበር?» ብለው ጠየቁ።

ሳቢሃ እኔን አየችኝ፣ እርስዎን አየች፣ አንገቷን ደፍታ በእጇ ተናገረች። እኔም እንደ ታማኝ አስተርጓሚ ቃል በቃል ጀመርኩ፤ «ላግባሽ ወይ ብሎ ጠይቆኝ...» አልኩና ቆምኩ።

«ምን አለች?» አሉኝ።

«ይታገሡኝ፤ እኔም ገና አሁን መስማቴ ነው» አልኩዎ።

ልጄ ደግማ ነገረችኝ። «እሺ ልለው ነበር። ግን መጀመሪያ እናቴን ጠይቅ፣ ካገባሁም በኋላ ስፌቴን አልተውም ልለው ነበር። እሺ ባልኩ ቁጥር ሰው ከለለብኝ።»

ጸሐፊዎ ብዕሯን አስቀምጣ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ሙርሺድ በሩ ላይ ቆሞ «አላሁ አክበር» አለ። እርስዎ ብቻ መነጽርዎን ጠርገው፣ «ይህ ቅጹ ላይ ያለውን ጥያቄ አይመልስም፤ ዓላማዋ መሻገር ነበር ወይስ አልነበረም?» አሉ። ስለዚህ ጽናትዎ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ አላውቅም።

ውሳኔዎ ምሰሶው ላይ ተለጠፈ፦ በምልክት ቋንቋ የሚነጋገሩ ሰዎች ከሳጥኑ አምስት ሜትር እንዲርቁ። በስፌት ሜትሬ ለካሁት። አምስት ሜትር በአንድ ወገን ቦዩ ውስጥ ይገባል፤ በሌላው ወገን መኪና የሚያልፍበት መሐል አስፋልት ላይ ነው። ልጄ ሕግ አክብራ ለመናገር ወይ ትረጥባለች ወይ ትገጫለች ማለት ነው።

ክቡር ሆይ፣ ሳቄን እዚህ ላይ ትንሽ ላቁመው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳቢሃ ከሱቅ ስትወጣ እጇን ሻርፗ ሥር መደበቅ ጀመረች። ጎረቤት ሰላም ሲላት ዝም ብላ ስታልፍ በዓይኔ አየሁ። ሃያ አራት ዓመት ያሳደግኋትን ልጅ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ዲዳ አደረገችብኝ። በሙክት ዋጋ የሚከራከሩት ግን እስከ ዛሬ እጃቸውን ያወናጭፋሉ፤ አምስት ሜትር ራቁ ያላቸው የለም።

ሦስተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ እሁድ ዕለት ከደስታዬ ብዛት ረሳሁት። ሙስዓብ መልሷን በመጨረሻ ሱቄ ውስጥ ተቀብሎ፣ በአግባቡ ሽማግሌ ልኮ ስለጠየቀኝ፣ እሁድ ኒካሁ ታሰረ። ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከየኮሌጁ ሠላሳ አንድ ጓደኞቻቸው መጡ፤ አንዳቸውም አይሰሙም። እነሱ ሲደሰቱ አያጨበጭቡም፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ያርገበግባሉ። ሙሽራዋን ከሱቄ በር ስናወጣት ስድሳ ሁለት እጅ በአንድ ጊዜ ተነሣ።

ሳጥንዎ ምን ያድርግ? መንገዱን ዘጋው። አብተው የሚባል ባለባጃጅ ወርዶ «ምን ተፈጥሮ ነው?» ብሎ እየተቆጣ መጣ።

«ሰርግ ነው ልጄ፣ እንዲህ ነው የሚያጨበጭቡት» አልኩት።

«ታዲያ ቀድመው አይነግሩንም እማማ!» ብሎ እሱም ሁለት እጁን አነሣ። የአንድ አይሱዙ ሾፌር እጁን በመስኮት አወጣ፤ ተሳፋሪው ሁሉ አወጣ። ሳቢሃ አፍራ ወደ መንገዱ ወጣች፤ እጆቿን ከሻርፗ ሥር አውጥታ «በአላህ፣ በቃችሁ፣ እለፉ!» ብላ ለመነቻቸው። በለመነች ቁጥር ሳጥኑ ቀዩን አራዘመው። እየሳቀች ለመነች፣ እየሳቀች አቆመቻቸው፤ ሃያ ሁለት ደቂቃ ሆነ። ቆጥሬዋለሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብዙ ስታወራ አይቻት አላውቅም።

ስለዚህ ማስታወቂያውን እንዲያነሡልን፣ የሳጥኑንም ዓይን ቀርቦ የተዘረጋ እጅ ብቻ እንዲያይ ትንሽ ዝቅ እንዲያስደርጉት በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ፤ ስልክ የሚጠግነው ጎረቤቴ የአንድ ጠመንጃ መፍቻ ሥራ ነው ብሎኛል። እስከዚያው ግን በክፍልዎ ውስጥ ልጄ ስትናገር ወዲያው ምላሽ የሰጣት ባልደረባ ይህ ሳጥን ብቻ ስለሆነ፣ የደረጃ ዕድገት በሚሰጥበት ጊዜ እንዳይዘነጋ አደራ እላለሁ።

ከመንገዱ ዳር ሆና ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ ስብሰባዎ እንዲያጥር ከልብ የምትመኝልዎ፣

ረሺዳ አባቦራ
ልብስ ሰፊና የሙሽራ እናት፣ ሄርማታ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ሙርሺድ ሁለተኛ መጥሪያ አመጣልኝ። ሠላሳ አንዱም እንግዶች ሐሙስ ጠዋት ቢሮዎ ቀርበው ስለ እሁዱ መዘጋት «በቃል እንዲያስረዱ» ያዛል። ኢንሻአላህ አንድም ሳይቀሩ ይመጣሉ፤ ሊነግሩዎት የሚፈልጉትም ብዙ ነው። እኔ ግን በዚህ ጊዜ አልተረጉምም። አስተርጓሚ ካላዘጋጁ፣ በዚያ ጠዋት ከክፍሉ ውስጥ መስማት የተሳነዎ እርስዎ ብቻ ይሆናሉ።