ሞላው በእኔ ክብደት ሲስተካከል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ አሶሳ

አዲሱ ክልል የሰጠኝን ሞተር ሳይክል ዛሬ ለመካኒኩ ለአብዱራሂም አሳየሁት። ሙያውን ከኩርሙክ ማዶ፣ ሱዳን ነው የተማረው። ወባ ካደቀቀኝ ወዲህ ሞተሩ በየድንጋዩ ያነጥረኛል። ትናንት መንጌ መንገድ ላይ ጣለኝና የክትባቱ ብልቃጦች ተሰበሩ። አንድ ሕፃን እንኳ ሳልከትብ ተመለስኩ።

"የክትባት ሳጥን ጫን፣ አንተም ውጣ" አለኝ። እግሬን አንስቼ ስቀመጥ የሞተሩ ጀርባ ምን ያህል እንደሚወርድ በጣቶቹ ለካና ሳቀ።

"ሞተር ደህና ነው። አንተ ቀነስክ፣ ሞላው አላወቀም።"

ለድሮው ክብደቴ ጠብቆ የነበረውን፣ ከመቀመጫው ሥር ንዝረቱን የሚውጠውን ሞላ ሁለት ዙር አላላልኝ።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ክትባት ይዤ በዚያው መንገድ ሄድኩ። ድንጋዩ ያው ነው፤ እኔ ግን ውሃ ላይ የምንሳፈፍ መሰለኝ። ቀርከሃው፣ ወንዙ ውስጥ ወርቅ የሚያጥቡት ሴቶች፣ ሁሉም እንደ ሕልም በዝግታ አለፉኝ። እናቶቹ ልጆቻቸውን ታቅፈው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። ሁሉንም ከተብኩ።

ስመለስ አብዱራሂም ከሱቁ ደጃፍ ጮኸልኝ፦ "ስትወፍር ና፣ እናጠብቀዋለን!"

ከአሶሳ እንዲያዛውሩኝ የጻፍኩት ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። እዚህ ሆኜ ስወፍር ታየኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ነገ ላስገባው ይሆን…