በዓይን የታየ መድኃኒት

ጥቅምት 14

አክስቴ ዛሬም የደም ግፊት ክኒኗን ፍለጋ ወጥታ ባዶ እጇን ገባች። አምስት ፋርማሲ። የለም፣ የለም፣ ነገ ሞክሪ... ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ሶፋው ላይ ተዘረጋች። የቀኙ ጫማዋ ተረከዝ ወደ አንድ ጎን ተበልቷል። ስድስተኛው ፋርማሲ ላይ ይኖር ነበር ይሆን? ማን ያውቃል።

የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ተገኘ እንግዲህ። የመድኃኒቱን ስም ስትጽፍ የትኛው ፋርማሲ እንዳለው የሚነግርህ ዌብሳይት። የክፍሌ ልጆች ስለ ሮቦት ያወራሉ፤ እኔ ስለ አክስቴ ጫማ።

ጥቅምት 20

ፕሮጀክቴን ለሚከታተለው መምህር ነገርኩት። ሐሳቡን ወደደው። ግን መድኃኒቱ መኖሩን ማን ነው የሚነግርሽ አለኝ። ፋርማሲዎቹ ራሳቸው ይሞላሉ አልኩ፣ አፌን ሞልቼ። ሳቅ አለ። ምን ያስቃል?

ኅዳር 2

ሠራ! ይፈልጋል፣ ያገኛል፣ ስልክ ላይም አይዛነፍም። ፋርማሲዎቹን ገና አላናገርኩም። (ከሰው ጋር ከማውራት ኮድ መጻፍ ይሻለኛል።) ባዶ ገጽ ደግሞ ያስጠላል። ለሙከራ ብዬ በአካባቢያችን ያሉትን አሥራ ሁለት ፋርማሲዎች አስገባሁና ከየመድኃኒቱ ፊት ከራሴ እየፈጠርኩ ሞላሁ። «አለ» አረንጓዴ ነው፣ «የለም» ቀይ። አረንጓዴው ያምራል። አበዛሁት።

ለአክስቴ አሳየኋት። ሊንኩን ላኪልኝ አለች፣ ላክሁላት። ገና ሙከራ ነው ብያታለሁ። ብያታለሁ አይደል?

ኅዳር 5

ሠላሳ ሰባት ሰው ገብቷል! አክስቴ ለስፌት ቤት ባልደረቦቿ በሙሉ ልካላቸዋለች፣ የወንድሜ ልጅ ሥራ ነው ብላ። ቀኑን ሙሉ ቁጥሩን እያየሁ ስፈነድቅ ዋልኩ።

ኅዳር 6

ስልክ ተደወለ። ቁጥሬን ከገጹ ግርጌ «አስተያየት ካለዎት» ብዬ አስቀምጬው ነበር። የሽማግሌ ድምፅ ነው።

«ልጄ፣ ፋርማሲው በር ላይ ቆሜያለሁ። ያንቺ ገጽ አለ ይላል፣ እነሱ የለም ይላሉ። ሌላ በር አለው እንዴ?»

ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ነው የመጡት። እኔ ምን አልኩ? ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ምናልባት አሁን አልቆ ይሆናል አባባ አልኩ። እሳቸው ደግሞ አመሰገኑኝ። ለልፋቴ መርቀውኝ ዘጉ።

ዌብሳይቱን ዘጋሁት።

ኅዳር 7

ሌላ በር አለው እንዴ... ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል። ክፍል አልገባሁም።

አክስቴ ገጹ የት ጠፋ ብላ መጣች። ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ እኔም ሳልጠይቅሽ መላክ አልነበረብኝም አለች። ሰውየውን አወቀቻቸው። የአንዷ ባልደረባዋ አባት ናቸው፣ ሰዓት ሠሪ። መድኃኒቱ ለባለቤታቸው ነው፣ ለልቧ። ነገ እደውልላቸዋለሁ አልኩ። ስልኬን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ እጄ ላይ አኖረችው።

«ውሸትና ስንቅ እያደር ያልቃል። አሁን ደውይ።»

ደወልኩ። ለሙከራ ነበር አባባ፣ ከራሴ ፈጥሬ ነው የጻፍኩት አልኳቸው።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ከኋላቸው ሰዓት ይሰማል፣ አንድ አይደለም፣ ብዙ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የባለቤታቸው ክኒን የሦስት ቀን ብቻ እንደቀረ ነገሩኝ፣ ልክ የአየር ሁኔታ እንደሚነግር ሰው። እፈልግልዎታለሁ አልኩ። በምን? በእግሬ ነዋ።

ኅዳር 8

ሰባት ፋርማሲ። የለም። ደብተር ይዤ እየጻፍኩ ዞርኩ። እግረ መንገዴን ስለ ዌብሳይቴ ላስረዳ ስሞክር አንዱ፣ እኛ ለመሸጥ እንጂ ለመጻፍ ጊዜ የለንም አለኝ። መምህሩ ለምን እንደሳቀ ዛሬ ገባኝ። እግሬ ቆስሏል። አክስቴ ስንት ጊዜ ነው እንዲህ የዞረችው? አንድም ቀን አላማረረችም።

ሁለት ቀን ቀረ።

ኅዳር 9

አሥራ አንደኛው ላይ! መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ፈገግታ የማያውቃት ፋርማሲስት። ስሙን ሳልጨርስ ወደ ውስጥ ገብታ አንድ ፓኬት ይዛ መጣች። ተቀብዬ ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። ልትገዢው ነው ወይስ ልታቅፊው አለችኝ። የሐኪም ማዘዣው እሳቸው ጋ ነው። እስኪመጡ አስቀምጪልኝ ብዬ ለመንኳት። እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ አለች።

ደወልኩ። አግኝቼዋለሁ አልኩ።

«በዓይንሽ አይተሽዋል?»

«በእጄ ይዤዋለሁ አባባ።»

«እንግዲያው መጣሁ።»

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። ቀጭን ሰው ናቸው፣ ግራ እጃቸው ላይ ሁለት ሰዓት አስረዋል። ዓይኔ እዚያ ላይ ሲቀር አዩኝ። አንደኛው የደንበኛ ነው፣ ሦስት ቀን እጄ ላይ ውሎ ልክ መሄዱን ሳላይ ለባለቤቱ አልመልስም አሉኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ፓኬቱን በውስጥ ኪሳቸው ከትተው ሲሄዱ ሆዴ ባባ። ባለመነጽሯ አይታኛለች መሰለኝ፣ መሀረብ ሰጠችኝ። ፊቷ ግን ያው ነው።

ኅዳር 17

ገጹን አፍርሼ እንደ አዲስ እየሠራሁ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ... አሁን ከእያንዳንዱ መድኃኒት ሥር ማን እንዳየውና ስንት ሰዓት ላይ እንዳየው ይጻፋል። አንድ ቀን ካለፈው ይጠፋል። ማንም ያላየው «አላውቅም» ይላል፣ በግራጫ። አያምርም። ይሁን።

ጠዋት ጠዋት እየደወልኩ የምሞላው እኔው ነኝ። የሚያነሱልኝ አራት ፋርማሲዎች ብቻ ናቸው። ከአራቱ አንዷ፣ ባለመነጽሯ፣ ግን ራሷ ትደውላለች፣ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ላይ። ሰላምታ የለ ምን የለ። «ጻፊ» ብላ ትጀምራለች።

ታኅሣሥ 9

ሰዓት ሠሪው ደወሉ። አዲሱን ገጽ አይተውታል። ስምንት ፋርማሲ ላይ አላውቅም ይላል እኮ ልጄ አሉ። ስለማላውቅ ነዋ አባባ አልኩ። ከት ብለው ሳቁ።

ታኅሣሥ 21

ፕሮጀክቱን አቀረብኩ። መምህሩ ከአሥራ ሁለቱ ለምን አራት ብቻ አለኝ። የማውቀው አራቱን ስለሆነ አልኩ። የሆነ ነገር ጻፈ። ምን እንደሆነ እንጃ... ዛሬ አልሳቀም።

ጥር 4

አሁን አሥራ ሁለቱም ስልኬን ያነሳሉ። ስምንቱን ባለመነጽሯ ናት ነዝንዛ ያስገባችልኝ።

የአክስቴ ክኒን የሳምንት ቀርቷታል። ጠዋት ስደውል አሥራ ሁለቱም የሷን መድኃኒት የለም አሉኝ። እንዴት ልንገራት እያልኩ ሳመነታ ጫማዋን አድርጋ በሩ ጋ ደረሰች። እዚያው ቆማ ስልኳን ከፈተች። ቀይ፣ ከላይ እስከ ታች ቀይ። ለሷ ብዬ የጀመርኩት ነገር፣ ለሷ የለም ይላል።

አክስቴ ስልኩን ቀረብ ራቅ እያደረገች ሰዓቱን አነበበች።

«ከሃያ ደቂቃ በፊት ይላል። አንቺ ነሽ የጠየቅሽው?»

«እኔ ነኝ። አሥራ ሁለቱንም።»

«ነገስ?»

«ነገም እጠይቃለሁ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«በይ ሻይ ጣጂ» አለችና ጫማዋን አወለቀች።