ጆንያ የተሸከመው ሰውዬ

ቅዳሜ፣ የካቲት 2 ቀን 1988

አሸናፊ ዛሬ በሰው ፊት ውሸታም አለኝ። «ተሳስተሃል» አላለም። «ውሸታም» ነው ያለው። ብዕሬ ሁለት ቦታ ወረቀቱን ቀዶታል፤ ይህ ጽሑፍ ካልተነበበ ጥፋቱ የሱ ነው።

የተጀመረው እንደ ሁልጊዜው በዋዛ ነበር። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ከጋሽ ሉቃስ ቪዲዮ ቤት ጀርባ፣ ማንጎው ሥር፣ አራታችን። ጋሽ ሉቃስ ዱሮ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ አሁን ካሴት ያሳያሉ፤ የእሳቸውን ያህል ፊልም ያየ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስላቸውም። ጽጌ ነርስ ናት፤ ካላለቀሰች ፊልም ያየች አይመስላትም። አሸናፊ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ እንዳንረሳውም በየአምስት ደቂቃው ያስታውሰናል። ቤታችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ ሲያስነጥስ ይማርህ የምለው እኔ ነኝ።

የዛሬው ጥያቄ፦ እስከ ዛሬ ካያችሁት ሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው? አንድ ብቻ።

ጽጌ፦ በጎርፍ የተለያዩት እህትማማቾች። አሸናፊ «እሱ ፊልም ነው ጉንፋን? ሁሉም አፍንጫውን ሲጠርግ ያልቃል» አላት። ጋሽ ሉቃስ፦ ሽማግሌው በመጥረጊያ እንጨት ሃያ ጎረምሳ የሚደበድብበት። አሸናፊ፦ አንድ ዳኛ ቤቱን ዘግቶ ሲያስብ የሚውልበት። ሦስት ሰዓት ሙሉ ያስባል። «ሲፈርድ ቀስቅሱኝ» አልኩ። ሁሉም ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም። ነገር የያዘብኝ ያኔ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ የኔ ተራ ሆነ። ሰውየው ሥራ ፍለጋ ሩቅ ከተማ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ለእናቱ ብርድ ልብስ በጆንያ አድርጎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ድልድዩ ላይ ጠላቶቹ ይጠብቁታል። ቢጫ ሻርፕ ያደረገች ሴት ታስጠነቅቀዋለች፤ ነጭ ውሻ መንገድ ይመራዋል፤ ይሻገራል። ሲደርስ የእናቱ ዓይን ጠፍቷል። መጀመሪያ ጆንያውን ትዳስሳለች፣ ከዚያ እጁን፣ ከዚያ ስሙን ትጠራለች። ስናገር ጽጌ መሀረቧን አውጥታለች።

አሸናፊ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ቢጫ ሻርፕ? ነጭ ውሻ? ድልድይ? አውቀዋለሁ እኮ! ሰውየው ሌባ ነው። እናት የሚባል ነገር የለበትም።»

«በዓይኔ አይቻለሁ» አልኩ።

«ማል።»

የእኛ ቤት ሰዎች አንምልም። እኔ ግን በሞተችው እናቴ ማልኩ። ያን ጊዜ ነው ውሸታም ያለኝ። ካሴቱን እህቴ ከአዲስ አበባ እንድትልክልኝ አደርጋለሁ ብሎ ተነሳ። ሲሄድ ዞር ብሎ «ሕጉን ታውቀዋለህ» አለኝ።

አውቀዋለሁ። ያላየውን አየሁ ያለ ከማንጎው ሥር ይነሳል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አምና አንድ የባንክ ሠራተኛ አባረንበታል፤ ሰውዬው ሲለምነን የሳቅኩት እኔ ነበርኩ።

እሁድ፣ የካቲት 3

ጸሎት ቤት ሄጄ መጣሁ። ስብከቱ ስለ ምላስ ነበር። ስንት እሁድ እያለ ዛሬን መርጠው!

ለዚህ ደብተር አልዋሽም፦ ፊልሙን አላየሁትም። ያየው ወንድሜ ማርቆስ ነው።

ማርቆስ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው አጎታችን ሽመና ሊያሠራው ከጨንቻ ወደ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ወሰደው። በዓመት አንዴ፣ ለመስቀል፣ እንደ አገራችን ሸማኔ ሁሉ ጆንያውን ተሸክሞ ይመጣል። ሌላው ሰው ጆንያውን ይጠብቃል፣ እኔ ፊልሙን። ልጆቹ ጭፈራ ሲሄዱ እኔና እሱ እንሰቱ ጓሮ እንቀመጥና የዓመቱን ፊልሞች አንድ በአንድ ይተርክልኛል። የበሩን ሲጢጥታ፣ የመኪናውን ፍሬን፣ ሁሉንም በአፉ ያሰማል። ሊያልቅ ሲል ተነስቶ ውሃ ይጠጣል፤ ሆን ብሎ ነው፤ ላብድ እደርስ ነበር።

የባለጆንያውን የነገረኝ እናታችን በሞተችበት ዓመት ነው። ብርድ ልብስ ይዞላት መጥቶ ነበር። መርዶው መንገድ ላይ ተላልፎት ስለነበር የሰማው ደጃፍ ላይ ሲደርስ ነው። ብርድ ልብሱን ለብሼ የጨረስኩት እኔ ነኝ።

አርባ ምንጭ ከመጣሁ ስፍር ቁጥር የሌለው ፊልም አይቻለሁ፤ አንዱም ያንን አያክልም። «አየሁት» ማለት መቼ እንደጀመርኩ አላስታውስም። «ወንድሜ ነገረኝ» ብትል ማን ይሰማሃል? ደግሞ ማርቆስ አየ ማለት እኔ አየሁ ማለት ነው። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው፤ አሸናፊ ሳያውቀው ውሸታም ያለው ማርቆስን ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 4

አሥረኛ ለ ስገባ ሰሌዳው ላይ ጆንያ የተሸከመ ሰውዬ ተሥሎ ጠበቀኝ። ውሻም አለው። ሥዕሉ መጥፎ አይደለም፤ ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ለተማሪ ማን ነገረ? እንደማያውቅ ሰው እጠይቃለሁ! ያልታሰበ የኬሚስትሪ ፈተና ሰጠኋቸው። ትንሽ ቀለል አለኝ።

የአሸናፊ ጥፋቶች፣ እስካሁን የታዘብኳቸው፦

ፊልም እየታየ «አሁን ይሞታል» ይላል። ይሞታልም።
ሙቀቱን እኛ የሠራነው ይመስል ይወቅሰናል።
ዓሣ ሲበላ እሾሁን ሳህኑ ዳር ላይ በሰልፍ ይደረድራል።
ጨንቻን በስሟ አይጠራም፤ «እዚያ ላይ» ነው የሚላት።

አምና ወባ ሲጥለኝ ሦስት ቀን አጠገቤ ቁጭ ብሎ ስለዚያ ስለ ዳኛው ሲያወራልኝ ከርሟል። ይህ እዚህ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። እንዲያው ጻፍኩት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

ጽጌ ከሥራ ስትወጣ መጣች። «ይቅርታ በለውና ይብቃ፤ ስለ ፊልም ሰው ይጣላል?» አለች። ስለ ፊልም አይደለም አልኳት። «ታዲያ ስለ ምንድን ነው?» መናገር አልፈለግኩም፤ ስለዚህ የሷ እህትማማቾች ጎርፉ ቢወስዳቸው ይሻል ነበር አልኳት። ጃንጥላዋን አንስታ ሄደች።

ከጽጌም ጋር ተጣላሁ። ጎሽ።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ካሴቱ ደርሷል። በአውቶቡስ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ። አሸናፊ ወደ መምህራን ክፍል ይዞት ገብቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።  የፊዚክሱ መምህር ጋዜጣውን ፈትቶ ማንበብ ጀመረ።

ለነገሩ ምን ያስፈራኛል? ማርቆስ በዓይኑ አይቶታል።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አየነው። ጋሽ ሉቃስ መስኮቱን በብርድ ልብስ ከለሉ። መብራት ይጥፋ ብዬ ጸለይኩ። በአመሉ መጥፋት የነበረበት መብራት ዛሬ ምን እንደነካው እንጃ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ በራ።

ድልድዩ አለ። ባለ ቢጫ ሻርፗ አለች። ነጩ ውሻ ብቅ ሲል ልቤ ዘለለ፤ አሸናፊን በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። ከዚያ ሰውየው ጆንያውን ፈታ።

ጠመንጃ ነው። ጠመንጃና የሰረቀው ብር። ሴትየዋ የአለቃው ሚስት ናት፣ የምታስይዘውም እሷው ናት። ውሻው አንዴ ብቻ ይታያል፣ ያውም ሲያልፍ። ሰውየው ድልድዩ መሃል ላይ ተመትቶ ይወድቃል፤ ጆንያው ወንዝ ይገባል። አለቀ። እናት የለችም። ቤት የለም። ቤቴ የሚል ሰው እንኳ የለም።

ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ጽጌ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ጋሽ ሉቃስ የቪዲዮ ዴኩን እያጠፉ «እንግዲህ ልጄ፣ ሕጉ ያንተው ነው» አሉ።

«ማን ነው የነገረህ?» አለ አሸናፊ።

«ወንድሜ። በዓይኑ አይቶታል።»

«እንግዲያው ውሸታሙ ወንድምህ ነው።»

ኮሌታውን ያዝኩት። ጋሽ ሉቃስ መሃላችን ገቡ። የሸሚዙ ቁልፍ እጄ ላይ ቀረ፤ ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል፣ ነጭ፣ ባለ አራት ቀዳዳ።

ተባረርኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 8

ከግድግዳው ማዶ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ። ይማርህ አላልኩትም። የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ይጠብቅ።

ነገ ጨንቻ እወጣለሁ። ማርቆስን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ምናልባት ሌላ ፊልም ይሆናል። ድልድይና ውሻ ያለበት ፊልም አንድ ብቻ ነው እንዴ?

ቅዳሜ፣ የካቲት 9፣ ጨንቻ

ማርቆስ ተመልሶ እዚሁ ቤቱ መሸመን ከጀመረ አራት ዓመቱ ነው። ስገባ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ይሸምናል። ቀና ሳይል «መጣህ?» አለኝ። ከእሱ ጋር የማወራው በጋሞኛ ነው፤ እዚህ ስጽፈው አማርኛ ይሆናል።

ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳልሰጥ «ያንን ፊልም አይተኸዋል አላየኸውም?» አልኩት።

«የቱን?»

«ባለጆንያውን።»

መወርወሪያው ቆመ። «አላየሁትም» አለ። እንዲሁ በቀላሉ፣ ምሳ በልተሃል ወይ እንደተባለ ሰው።

«ሌሎቹንስ?»

«አንዱንም።»

አጎታችን ሲኒማ የሰይጣን ቤት ነው ይል ነበር። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከሽመናው ጉድጓድ ንቅንቅ የለም። እሁድ ከጸሎት ሲመለሱ በሲኒማ ቤቱ በር ያልፋሉ፤ ግድግዳው ላይ የሳምንቱ ፊልም ሥዕል ተለጥፏል። ማርቆስ አጎታችን በእጁ እስኪጎትተው ድረስ ቆሞ ያየዋል። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ እየሸመነ ሥዕሉ ላይ ያለው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ያስባል።

«ጆንያ ተሸክሞ ድልድይ ላይ ይሄዳል» አለኝ። «ወዴት ይሄዳል? ወደ ቤቱ ነዋ! ጆንያ ተሸክሞ ሌላ ወዴት ይኬዳል?»

ጮህኩበት። በልጅነቴ ሁሉ ስትዋሸኝ ኖርክ አልኩት። በእናታችን ምዬልሃለሁ፣ በሰው ፊት ተዋርጄልሃለሁ፣ ከጓደኞቼ ተባርሬልሃለሁ አልኩት። ሚስቱ ደንግጣ ከጓሮ መጣች።

«ማል ብዬሃለሁ?» አለኝ። እሱም ተቆጥቷል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ታዲያ አንተ አየኸው?» አለ።

«አየሁት።»

«ንገረኛ።»

ነገርኩት። በእልህ፣ አንድም ሳላስቀር፣ እንዲያመው ብዬ ነገርኩት። እሱ ግን ዱሮ እኔ እጠይቀው እንደነበረው በየመሃሉ ይጠይቀኛል።

«ጆንያው ውስጥስ?»

«ጠመንጃ።»

«ከሥሩ ብርድ ልብስ የለም?»

«የለም።»

«ውሻውስ?»

«ያልፋል።»

«ዝም ብሎ ያልፋል? እናቱስ?»

«እናት የለችም አልኩህ!»

ክሩን በጣቱ እንደያዘ ቀረ። ያኔ ነው የገባኝ። አሥር ዓመት ሙሉ ያልገባኝ ያኔ ገባኝ። ያ ሰውዬ በሰዓቱ የደረሰው ማርቆስ ስላልደረሰ ነው። አፈርኩ፤ ንዴቴ ግን አልወጣልኝም፤ ሁለቱም አንድ ላይ ይሆናሉ ለካ።

ማርቆስ ግን በኔ አልነበረም የተናደደው። «አበላሽተውታል!» አለ። «ድልድዩ ድረስ አምጥተውት! ሊገባ ትንሽ ሲቀረው! እንዲህ ያለ ፊልም ማን ያያል?» ዳግመኛ መሸመን ሲጀምር መወርወሪያውን እንደ ድንጋይ ነበር የሚወረውረው።



እሁድ፣ የካቲት 10

ጠዋት ቦርሳዬን ይዞ እስከ መነኸሪያ ሸኘኝ። ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም። እኔ አሁንም አኩርፌያለሁ፣ ቢያንስ ፊቴ አኩርፏል።

«አንድ ያልነገርኩህ አለ» አለኝ።

«ሌላ ውሸት አልሰማም።»

«እሺ።»

 ሹፌሩ ጎማውን ዞሮ ያያል።

«ሴትዮ ናት» አለ። «ቀይ ቀሚስ። ፈረስ ይዛ ከአንድ ትልቅ በር ፊት ቆማለች። በሩ ተዘግቷል።»

አልጠይቅም ብዬ ነበር። «ለምን ያኔ አልነገርከኝም?»

«ወዴት እንደምትሄድ ሳላውቅ መስቀል ደረሰ። በዓመቱ ስመጣ አንተ አድገህ ከጓደኞችህ ጋር ጭፈራ ሄድክ።»

 «አሁንስ አወቅክ?» አልኩት። ጀመረልኝ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ ትይዩ እየተራመደ ያወራ ነበር፤ የፈረሱን ኮቴ በምላሱ እያሰማ። ሴትየዋ ገና ፈረሱ ላይ አልወጣችም፤ ጥሎኝ ቀረ። እንደ ድሮው ሆን ብሎ ይመስለኛል።

ስምንት ሰዓት ላይ ቤቴ ደረስኩ። የሸሚዙን ቁልፍ በአሸናፊ በር ሥር አሾለክኩለትና ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ትንሽ ቆይቶ በግድግዳው በኩል ድምፁ መጣ።

«ጌታሁን።»

ጫማዬን መፍታት ቀጠልኩ።

«እናትየዋ መጀመሪያ የዳሰሰችው ምኑን ነበር ያልከው? እጁን ነው ጆንያውን?»

«ሂድና ዳኛህን ጠይቀው!» አልኩት።

 አልሄደም፤ ወንበሩን ወደ ግድግዳው ሲስብ ሰማሁት። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ቅዳሜ ማንጎው ሥር ቦታ ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም። ከኖረኝም አልሄድም፤ ጨንቻ ልወጣ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም፦ ያንን በር የዘጋባት ማን ነው?