ከኩሽናችን ስለወጣው ሎሚ

ለተከበሩ ሚስተር ሎውል ኦስትራንደር
የካርዴል በቅሎዎች የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንደ ቃልዎ በየሳምንቱ እንዳይለዋወጥ፣ እንቅልፍዎም ከኅሊናዎ ጋር እንዳይጣላ፣ ቡድኖች ተጫዋች በየተራ በሚመርጡበት በዘንድሮው ድራፍት ከየኮሌጁ የወሰዷቸው ልጆችም ቢያንስ የቡድኑን አውቶቡስ ሮጠው የሚደርሱበት እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ።

ሬታ ኪምብሮ እባላለሁ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። አያቴ ፓፓ ሎይድ ትልቅ ሰው ሲያወራ አፌን እንድዘጋ አዘውኛል፤ ስለ እጄ ግን ያሉኝ ነገር ስለሌለ ይኸው እጽፋለሁ። ወንድሜ ኤመት በከተማችን ኮሌጅ ዋይድ ሪሲቨር ነበር፤ ዳር ዳሩን ሮጦ የተወረወረለትን ኳስ ከአየር ላይ የሚቀልብ ማለት ነው። እኛ ሰፈር በአጭሩ ቀላቢ እንለዋለን። ልጅ ሳለ ጀምሮ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በቅሎ የተሳለበትን የእርስዎን ቡድን ቆብ አጥልቆ መቅለብ። ይህንን ምኞቱን እንዴት አድርገው እንዳስተናገዱለት ለማመስገን ነው የተነሳሁት፤ ምስጋናውም ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብዎ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለላኩልን እንግዳ። መልማይዎ ሚስተር ጋስ ፔትሪ ብርዱ ሲያበቃ ቤታችን መጥተው የኤመትን እጅ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አስዘርግተው ከአውራ ጣቱ እስከ ትንሿ ጣቱ በሜትር ለኩት፤ እንዳልተሳሳቱ ለማረጋገጥም ደግመው ለኩት። ቀጥለው እናቴ የጠበሰችውን ዓሣ ለኩ፤ እሱን በሆዳቸው ነው። «እመቤቴ፣ ይህን የቀመሰ ሰው ሌላ ከተማ አይሄድም» ብለው ሳህናቸውን መልሰው ሲዘረጉ እናቴ ልጇ የተመረጠ መስሏት ነበር። ከዚያ ጥያቄው መጣ፤ ውሻ ይፈራል ወይ፣ በየትኛው ጎኑ ይተኛል፣ ሲሸነፍ ያለቅሳል ወይ። ጆሮ ያገኙ ዕለት ያልተጠየቁትንም የሚጨምሩት ፓፓ ሎይድ ደግሞ «አራት ዓመቱ ሳለ ሎሚ ወረወርኩለት፤ ዓይኑን ጭፍን አድርጎ ቀለበው። ግን ቀለበው» ብለው አወጉ። ሁላችንም ሳቅን። ሚስተር ፔትሪም ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ከሁላችን ቀድሞ አለቀ፤ የጠረጠርኩትም ያኔ ነው። ሲወጡ የኤመትን ትከሻ ይዘው «በሚያዝያ እንገናኛለን ወንድሜ። ለሰው እንዳትነግሩ» አሉ። እኔ እስከማውቀው ድረስ «ለሰው እንዳትነግሩ» የሚል ሰው ራሱ ለመንገር የቸኮለ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ግልጽነትዎ። በጋዜጣዊ መግለጫዎ ላይ ዘንድሮ ቀላቢ ትፈልጋላችሁ ወይ ተብለው ሲጠየቁ የስታዲየሙ ሣር እየተቀየረ መሆኑን አስረድተዋል። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል፤ የቡድናችሁ ስም በከንቱ እንዳልወጣ የገባኝ በዚያ ቀን ነው። ሳምንት ሳይሞላም የከተማችን ጋዜጣ «ለቡድኑ ቅርብ የሆኑ ምንጮች» ነገሩኝ ብሎ፣ ኤመት ኪምብሮ ኳስ ሲመጣበት ዓይኑን እንደሚጨፍን፣ ይህም ከልጅነቱ ጀምሮ በሎሚ ጭምር የታየበት እንደሆነ ጻፈ። ክቡርነትዎ፣ ያ ሎሚ ከኩሽናችን ወጥቶ አያውቅም። ያን ዕለት እዚያ የነበርነው እኛ ቤተሰቦቹ፣ መልማይዎና ዓሣው ነን። ዓሣውን አልጠረጠርኩትም።

እኔ በንዴት ስጤስ ፓፓ ሎይድ ግን በደስታ ጋዜጣውን በመቀስ ቆርጠው ግድግዳ ላይ ለጠፉት።

«ሞኝ አትሁኚ። ድራፍት ሲቃረብ የማይዋሽ ቡድን የለም። የማይፈልጉትን ያወድሳሉ፣ የሚፈልጉትን ሌላው እንዳይቀድማቸው ያጣጥላሉ። ስሙን ያጠፉት ስለወደዱት ነው።»

«ታዲያ ፓፓ፣ እርስዎን ሰፈሩ ሁሉ የሚያማዎት ስለሚወድዎት ነው?»

«ተነሽና ሳህን እጠቢ።»

ሳህኑን እያጠብኩ አሰብኩበት። አንድ ጎረምሳ ያፈቀራትን ልጅ ሌላ እንዳያገባበት ብሎ «አንካሳ ናት» እያለ ሰፈር ለሰፈር ቢያስወራ ብልጥ ሊባል ይችል ይሆናል፤ በሠርጉ ቀን ግን ቢያንስ እሱ ራሱ መምጣት አለበት።

ሦስተኛ፣ ስላለመምጣትዎ። የድራፍቱ የመጨረሻ ቀን የኤመት ስልክ እንደ ታማሚ ጨርቅ ተነጥፎለት ጠረጴዛው መሃል ተኝቶ ነበር፤ መስመር እንዳይያዝ ማንም ዘመድ እንዳይደውል አስቀድሞ ተለፍፏል። ስልኩ አንዴ ጮኸ። ሁላችንም ተነስተን ቆምን። አክስታችን ቨርኔል ነበረች።

«ተደወለለት እንዴ?»

«አንቺ ነሽ የደወልሽው አክስቴ» አላት ኤመት።

«በሉ መስመሩን አልያዝባችሁ። ሲደወልለት ደውሉልኝ። ግን ምሳ ምን ሠራችሁ?»

እርስዎ በበኩልዎ ከአገሩ ሌላ ጫፍ ቁመቱ የሚያምር ቀላቢ አስመጡ፤ በመጨረሻው ዙር ደግሞ ኳስ ከመለጋት ሌላ ሥራ የሌላቸው ሁለት ለጊዎች እያሉዎት ሦስተኛ ለጊ መረጡ። ቴሌቪዥኑ ሲያበቃ ኤመት ብድግ ብሎ የሁላችንንም ሳህን መሰብሰብ ጀመረ። ፓፓ ሎይድ ተነስተው ሳህን አጠቡ፤ ይህ በቤታችን ታይቶ አይታወቅም።

ሳህኑ ሳይደርቅ ሚስተር ፔትሪ ደወሉ። ያልተመረጠ ልጅ እንደፈለገ መፈረም ስለሚችል፣ ኤመት በዝቅተኛው ደመወዝ ወደ በቅሎዎቹ እንዲመጣ፣ መልሱንም እስከ ሐሙስ እንዲያሳውቅ ጠየቁት። «የምንወድህ እኛ ነን። ለሰው እንዳትነግር፤ በተለይ ለቡድኑ ባለቤት ለሚስተር ሃቨርሊ» አሉት። አንድ ቡድን የገዛውን ዕቃ ከገንዘቡ ባለቤት የሚደብቀው ለምን እንደሆነ ለመጠርጠር ጊዜ አልፈጀብኝም፤ ሰኞ ዕለት ግን ሚስተር ሃቨርሊ ራሳቸው በሬዲዮ ወጥተው ገላገሉኝ።

አራተኛው ምስጋናዬ እንግዲህ ለእሳቸው ነው። «ሠራተኞቼ የዚያን የሰፈር ልጅ ስም አዘጋጅተው ነበር» አሉ በኩራት፤ «ያስቆምኳቸው እኔ ነኝ። ጋዜጣ አነባለሁ እኮ። ዓይኑን የሚጨፍን ቀላቢ በእኔ ገንዘብ አይገዛም።» ከኋላቸው አንድ ሰው ሲስል ተሰማ። ሳልዎን ከጋዜጣዊ መግለጫዎ አውቀዋለሁ።

እንኳን ደስ ያለዎት ክቡርነትዎ። አንድ ውሸት ፈጥረው የአገሩን ቡድኖች በሙሉ አሳመኑ፤ የማናቸውም እጅ ወደ ወንድሜ አልተዘረጋም። የረሱት ነገር ቢኖር ውሸቱ የእርስዎ መሆኑን ለአለቃዎ ሹክ ማለት ብቻ ነው። ለዚህም ማይክሮፎኑ ፊት ጥሩ ዕድል ነበረዎት፤ እርስዎ ግን መሳልን መረጡ።

አምስተኛው ላይ ለጊዜው ቀልዴን አቆማለሁ። ያ ጋዜጣ ከወጣ ጀምሮ ኤመት መስታወት ፊት እየቆመ ዓይኑን ማፍጠጥ ይለማመዳል። ጓሮ ስወረውርለት ኳሱን ማየት ትቶ ሽፋሽፍቱን ይጠብቃል፤ ጥሎ የማያውቀው ልጅ መጣል ጀመረ። እንዲህ እየጣለ የትኛውም ቡድን ልምምድ ቢገባ በሳምንቱ ነው የሚያባርሩት፤ ያኔ ውሸትዎ እውነት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በሚስተር ፔትሪ በኩል አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ፤ የሎሚውን ወሬ ያስወራነው እኛ ነን ብለው እርስዎ በአደባባይ እንዲናገሩለት። «ልጅት፣ ይህ የትልልቅ ሰዎች ሥራ ነው» ተባልኩ። ኤመት ግን አሁንም በቅሎዋን ይወዳት ነበርና «እስከ ሐሙስ እጠብቃቸዋለሁ፤ ይናገሩ ይሆናል» አለ።

ረቡዕ ዕለት ከወንዙ በታች ያለው የፖርት ሄለን ሽመላዎች ቡድን የቀላቢዎች አሠልጣኝ፣ ሚስተር ቴሬል ዱፕሪ፣ አንድ ከረጢት ሎሚ ተሸክመው በራችንን አንኳኩ። ከረጢቱን እኔ ፈተሽኩት፤ እውነትም ሎሚ ነው። «ጋዜጣ ላይ ያነበብኩትን ራሴ ልየው ብዬ ነው» አሉ። ጓሮ ቆመው ሎሚውን አንድ በአንድ እየወረወሩ ከፓፓ ሎይድ ጋር የትኛው ቡድን የባሰ እርባና ቢስ እንደሆነ ክርክር ገጠሙ። ኤመት መጀመሪያ ላይ አፍጥጦ የመጣለትን ሁሉ ጣለ። ክርክሩ ሲጦፍ ጆሮው ወደዚያ ሄደ፤ ፓፓ ሎይድ የሽመላዎቹን ቆብ የዶሮ ቤት ሲሉት ሳቀ፤ ሽፋሽፍቱንም ረሳው። በልብስ ማስጫው ገመድ በላይ የመጣውን ቀለበ፤ በአጥሩ በኩል ሊያመልጥ የነበረውንም ቀለበ።

«ጨፈነ እንዴ?» አሉ ፓፓ ሎይድ አንገታቸውን አስግገው።

«እንጃ አባቴ» አሉ አሠልጣኙ፤ «እኔ የማየው እጁን ነው።»

ሐሙስ ዕለት ኤመት ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ደጃፋችን ሲቀመጥ ዋለ። የደወለችው አክስቴ ቨርኔል ብቻ ናት። ዓርብ ጠዋት ለሽመላዎቹ ፈረመ። እናቴ ከተረፈው ሎሚ መጠጥ ጨመቀችልን፤ ፓፓ ሎይድ የበቅሎ ኮፍያቸውን መጣል ስላላስቻላቸው ገልብጠው አድርገውታል፤ አሁን በቅሎዋ የምታየው የራሳቸውን መላጣ ነው።

ወንድሜን ያለ አንዳች ወጪ ለጎረቤት ቡድን ስላበረከቱልን እያመሰገንኩ፣ በጥቅምት ሽመላዎቹ ስታዲየማችሁ ሲመጡ በአዲሱ ሣር ላይ እስክንገናኝ ድረስ ፈጣሪ ጉሮሮዎን ከሳል እንዲጠብቅልዎ እየጸለይኩ፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚያ በማይተናነስ ጥርጣሬ እሰናበታለሁ።

የዘወትር ታዛቢዎ
ሬታ ኪምብሮ
ካርዴል፣ ከጎማ ጥገናው ጀርባ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ለሚስተር ሃቨርሊ በግል አልላክሁላቸውም፤ ለሰው እንዳንነግር ተብለናልና። ሆኖም እሳቸው ጋዜጣ ላይ የወጣውን ሁሉ እንደሚያምኑ በሬዲዮ ስለነገሩን፣ ጋዜጣው ላይ እንዲወጣ አድርጌአለሁ። ለእሳቸው እንዲመች አንድ መስመር ልጨምር፦ ለኩሽናችን ቅርብ የሆኑ ምንጮች እንደገለጹት፣ የካርዴል በቅሎዎች ዋና ሥራ አስኪያጅ ተጫዋች ሲመርጡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።