ቤይሩት በሁለት ዓምድ

ለእህቴ ለኩልሱም፤

ትናንት እሑድ ከሰዓት በኋላ በተለጠፈው ከቤይሩት የሚመለሱ ሰዎች ዝርዝር ላይ ስምሽ በአርባ አንደኛ ተራ ቁጥር ሰፍሯል።

አሰላሙ ዐለይኪ፣ እህቴ። እንደምን ሰነበትሽ? ብርዱ ሲገባ የሚነሳብሽ የጉልበት ሕመም እንዴት አድርጎሻል? እንቅልፍስ ይወስድሻል ወይ? ማዳምሽስ እንዴት ናቸው፣ ምግብ ይቀምሳሉ? ከአልጋ ከዋሉ ስንት ጊዜ ሆናቸው፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል እያልሽ ስትጨነቂ እሰማለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማ ዓይኗ ከመድከሙና አልፎ አልፎ ልቧ ከመምታቱ በቀር ደህና ናት። ይህን በእጄ የምጽፍልሽ በስልክ ድምፅሽ ሲቆራረጥ ዋናውን ነገር ሳልናገር ስለምዘጋ ነው። ገጾቹን ሂባ ፎቶ እያነሳች ትልክልሻለች። አንቺ ስትሄጂ በጀርባሽ ታዝያት የነበረችው ልጄ ሃያ ዓመቷን ይዛለች፤ አሁን እኔን «አባ፣ ጽሑፍህ አይነበብም፣ ቀስ በል» እያለች ታርመኛለች።

ስምሽን ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ፤ ሳልጠይቅሽ። ግማሹን በስልክ ሰምተሽ ተቆጥተሻል፣ እውነትሽን ነው። የቀረውን ግማሽ ከሥሩ ልንገርሽ።

ነገሩ በመስከረም ነው። የጋዜጣችንን የውጭ ዜና ገጽ የምሠራው፣ እንደምታውቂው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ። በዚያን ቀን ከሁለት የእንግሊዝኛ ዜና ወኪሎች የመጣውን አነበብኩ፣ አመሳከርኩ፣ ተረጎምኩ። ዜናው ተደበደበ የሚለው የቤይሩትን ደቡባዊ ዳርቻ ነው። ርእሱንም እንደዚያው አድርጌ ጻፍኩት። ርእሱ ግን ለቦታው ረዘመ። ዋና አዘጋጃችን ኢተፋ ከኋላዬ ቆሞ «ሱሩር፣ ያለህ ሁለት ዓምድ ነው፤ ጂኦግራፊውን ለትምህርት ቤት ተውላቸው» አለኝ። ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀ ነበር። መጀመሪያ «ዳርቻ» የሚለውን አወጣሁ። አሁንም አልገባም። «ደቡባዊ» የሚለውን አወጣሁ። በመጨረሻ የቀረው «ቤይሩት በእሳት» ሆነ። ሁለት ቃል፤ ልክክ ብሎ ገባ። እኔም ጃኬቴን ለብሼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በዕድሜዬ ስንት ከተማ እንዲህ እንዳሳጠርኩ አላስታውስም።

በማግስቱ ሂባ ጋዜጣውን ለእማ አነበበችላት። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ የልጄን ሥራ ካልሰማሁ ቀኑ አይጀመርልኝም ትላለች። ርእሱን ስትሰማ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። የዙህር ሶላቷን ሰገደችና ምሳዋን ትታ ተኛች። ሦስት ቀን ከሻይ በቀር አልቀመሰችም። አጠገቧ ተቀምጬ የተደበደበው ሌላ ሠፈር ነው፣ ኩልሱም ከዚያ ሩቅ ናት፣ ከእኛ ከላንቻ እስከ መገናኛ ያህላል እያልኩ ብምል ብገዘት አልሰማችኝም። «ያንተ አፍ እናቱን ማጽናናት ያውቃል፤ እኔ የማምነው ያን የጻፍከውን ነው» አለችኝ። ራሴ የጻፍኩትን ራሴ ማስተባበል አቃተኝ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሻርፗን ጠምጥማ፣ ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ተመላሾችን የሚመዘግብ የበጎ አድራጎት ማኅበር አለ ብለው ነግረዋት፣ አንተ ካልሄድክ እኔ እሄዳለሁ አለች። በሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ታክሲ ልትጋፋ ነው። እሷን አስቀመጥኩና ሄጄ አስመዘገብኩሽ።

ማታውኑ ስነግርሽ «አንተ ቤይሩትን ከእኔ በላይ አወቅሃት? አሥራ ስድስት ዓመት የኖርኩባትን ከተማ በሁለት ቃል አቃጠልካት» አልሽኝ።  

ደግሞ ያን የጥቅምቱን ጠዋት አስቢው። ሦስት ሰዓት ገደማ እያለቀስሽ ደውለሽ «እማን የት አስተኛችኋት?» አልሽኝ። ቁርስ ላይ ነበርን። እማ ራሷ ስልኩን ተቀብላ «በአልጋዬ ነዋ፣ የት ልተኛ ኖሯል?» አለችሽ። ለካ በማዳምሽ ቴሌቪዥን ካዛንቺስ ሲፈርስ አይተሽ ኖሯል። አዲስ አበባ ፈረሰች ነው የሚሉት፣ ማዳምም አብረውኝ አለቀሱ አልሽን። ሂባ ስልኩን ነጥቃ «አክስቴ፣ እኛ እኮ ላንቻ ነን፤ በቃ፣ እንኳን ቤቱ ሊፈርስ ቆርቆሮውም አላፈሰሰም» አለችሽና ሁላችንም ሳቅን። አንቺም ሳቅሽ።

የሰማሽው ግን ውሸት አልነበረም። የእማ የአርባ ዓመት ጓደኛ የእትዬ ወርቄ ቤት ዛሬ የለም። እኔም ካዛንቺስ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ የሄድኩት ለዘገባ ሳይሆን ዕቃቸውን ለመጫን ነው። ፍራሹም፣ ድስቱም፣ ቁምሳጥኑም አይሱዙው ላይ ከወጣ በኋላ እትዬ ወርቄ የቤታቸውን በር አስነቅለው አስጫኑት። የምትሄዱበት ኮንዶሚኒየም በር አለው ብንላቸው «እሱ የመንግሥት በር ነው፤ ይሄ ባሌ የገጠመው ነው» አሉ። ሾፌሩ «እናቴ፣ በሩን ከጫንን ቤቱንስ ለምን እንተወዋለን?» ብሎ ቀለደ። እሳቸውም ሳቁ፣ ከዚያ ጋቢናው ውስጥ ገብተው ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። አሁን በሩ ከከተማው ዳር አራተኛ ፎቅ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አንቺ ባየሽው ዜና ላይ ግን የታየሽ ቡልዶዘሩና አቧራው ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነው መሰለኝ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ የሚደክመኝ። ባግዳድን ተርጉሜአለሁ፣ አሌፖን፣ ሰንዓን፣ ኤደንን ተርጉሜአለሁ፤ ቀይ ባሕርን ግን ተሻግሬ አላውቅም። ዜናው አንድ ከተማ ላይ ይሆናል፣ ሌላ ከተማ ላይ በሌላ ቋንቋ ይጻፋል፣ እዚህ ቂርቆስ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እኔ እቆርጠዋለሁ። የእኔ ዐረብኛ ቁርዓን ለመቅራት ያህል ነው፤ የቤይሩት ጋዜጣ ቢሰጠኝ ፊደሉን እለያለሁ፣ ነገሩ ላይ አልደርስም። ወኪሎቹን ዋሹ አልልም። ቁጥራቸው ብዙውን ጊዜ ልክ ነው፣ ስሕተት ሲገኝባቸውም ያርማሉ። ግን በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በገጼ ላይ ያለፈው ዐረብ ወይ ታጣቂ ነው፣ ወይ ሚኒስትር ነው፣ ወይ አስከሬን ነው። ዳቦ ጋጋሪ አላስታውስም። ዳቦ ጋጋሪውን የሰማሁት ከአንቺ ነው፤ መብራት ሲጠፋ የፎቁን ሰው ስልክ ሁሉ በጄኔሬተሩ እየሞላ የሚመልሰውን። ከደቡብ ሸሽተው ትምህርት ቤት ለተጠለሉት ምስር እንድትቀቅይ ማዳምሽ ተኝተው እንደሚያዙሽ፣ ጨው ሲበዛም ከአልጋቸው ላይ እንደሚቆጡ የሰማሁት ከአንቺ ነው። ያ ሰው አልባ አውሮፕላን ቀኑን ሙሉ እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር ሲያጉረመርም እንደሚውልም እንዲሁ። እኔ ከተረጎምኩት ውስጥ ይህ ድምፅ አንድም ቦታ የለም።

እነሱም እኛን የሚያውቁን በዚሁ መንገድ ነው። ማዳምሽ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አንቺን እያዩ ኖረው አሁንም በየክረምቱ «አገርሽ ዘንድሮስ ዘነበ?» ይሉሻል። በጉልምስናቸው በቴሌቪዥን ያዩት የእኛ ድርቅ ነው፤ ያንን ይዘው ቀሩ። ደግ ሴት ናቸው፣ አዝነው ነው የሚጠይቁት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ወኪሎቹን ትቼ አንቺን ብቻ ባመንኩ ነበር። አላበቃም።

ባለፈው ማክሰኞ የዕለቱን ፎቶዎች ሳገላብጥ አንድ መንገድ አየሁ። አስፋልቱ እስከ ዳር ድረስ የመስታወት ስባሪ ነው። በግራ በኩል አረንጓዴ የፋርማሲ መስቀል አለ፣ ከጎኑ ሰማያዊ የተቀባ የብረት ደረጃ። በዒድ የላክሽልንን ፎቶ ከስልኬ አወጣሁ። ከኋላሽ ያለው ያው አረንጓዴ መስቀል ነው፣ ያው ሰማያዊ ደረጃ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ መነጽሬን እየጠረግኩ አየኋቸው። በዚያው ዕለት ከሰዓት የላክሽው ድምፅ «ሰላም ነን፣ ምንም የለም፣ ዛሬ መጋረጃ ሳጥብ ዋልኩ» ይላል።

ኩልሱም፣ መጋረጃውን ያጠብሽው ለምንድን ነው?

ፎቶውን ለእማ አልነገርኳትም። ገጹ ላይም አላወጣሁትም። ኢተፋ አይቶት «ይሄ ግሩም ነው፣ ለምን ተውከው?» ሲለኝ ደብዛዛ ነው፣ በኅትመት አይወጣም ብዬ ዋሸሁት። ደብዛዛ አልነበረም፤ ስባሪው አንድ በአንድ ይቆጠራል። እኔ ቃል ቀንሼ እማን ሦስት ቀን አስራብኳት። አንቺ ደግሞ ቃል ቀንሰሽ በሰላም ታሳድሪያታለሽ። የትኛችን እንደበደልናት አላውቅም።

ስለዚህ የምለምንሽ እንድትመጪ አይደለም፣ እንድትቀሪም አይደለም። ያየሽውን እንዳየሽው ንገሪኝ። ከቤታችሁ ስንት መስኮት ተሰበረ? የምትተኙበት ክፍል በየትኛው ወገን ነው? ሲደበደብ ማዳምን ደረጃውን ማን ያወርድልሻል፣ ወይስ አብረሻቸው ላይ ትቀሪያለሽ? ልጆቻቸው ከፈረንሳይ መጥተው ሊወስዷቸው ነው ወይስ ለአንቺ ትተውልሻል? ይህን የምጠይቅሽ ለጋዜጣ አይደለም። ካንቺ አፍ ሳልሰማ ለእማ አንድም ቃል መናገር ስለማልችል ነው።

ማኅበሩ ውስጥ ዝርዝሩን የያዘችው ዮሃና የምትባል ልጅ ናት፤ ትሑት ናት፣ ግን አታባብልም። «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለችኝ፣ «እህትዎ በዚህ በረራ ከወጣች የመኖሪያ ፈቃዷ ያበቃል፤ በዚያው በር ተመልሳ አትገባም። ካልመጣች ደግሞ ወንበሩን ለሌላ እንሰጣለን፤ ከእሷ በኋላ የሚጠብቁ ስድሳ ሰዎች አሉ።» ቀጣይ በረራ ይኖራል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አላውቅም አለች። አየር ማረፊያው ክፍት ሆኖ እስከ መቼ እንደሚቆይም የሚያውቅ የለም፤ እኔ ጋ የሚመጡት ወኪሎችም በየቀኑ የሚሉት የተለያየ ነው።

ብትመጪ የሚጠብቅሽን ታውቂዋለሽ። ቤቱ ያው ነው፣ ከሂባ ጋር ትተኛለሽ። ሥራ ቶሎ ይገኛል ብዬ አልደልልሽም። ሠፈራችን እስካሁን አለ፤ ስለ ነገው የነገረን የለም።

እማን ትናንት ማታ ከእራት በፊት ስምሽ መውጣቱን ነገርኳት። አላህን ታመሰግናለች፣ ታለቅሳለች ብዬ መሐረቤን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን «ሴትዮዋን ማን ያገላብጣታል?» አለችኝ። ልጆች አሏቸው አልኳት። «የት?» አለች። ሩቅ አገር አልኳት። «እንግዲያ እንደኔ ናታ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ዛሬ ጠዋትም ነገሩን አላነሳችውም፤ እኔም አልቆሰቆስኩትም።

ባለቤቴ ፋኢዛ በጣም ሰላም ትልሻለች፤ ተቆጥታ እንደሆነ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ በላት ብላኛለች፣ ሳያማክራት ማስመዝገቡ ልክ እንዳልሆነ እኔም ነግሬዋለሁ ትላለች፣ እውነቷን ነው። ሂባ ትስምሻለች፤ ይህን ገጽ ፎቶ ስታነሳ እንደምታነበው ስለማውቅ ሌላውን እሷው ትጻፍልሽ። እትዬ ወርቄ ከአዲሱ ቤታቸው ሰላም ብለውሻል፤ ሊፍቱ አይሠራም፣ እግዜር ያውጣሽ ብለዋል። እማ ሰላምታዋን በደብዳቤ አልልክም፣ ድምፄን ትስማ ብላለች። ማዳምሽን ከእኛ ቤት ሰላም በያቸው፤ ዘንድሮ ዘንቧል በያቸው።

ማኅበሩ የሚቀበለው የእኔን ፊርማ ሳይሆን የአንቺን ቃል ነው። ዮሃና ዓርብ ጠዋት በአራት ሰዓት ትደውልልሻለች፤ እሺም ብትያት እንቢም ብትያት እኔ ለእማ የምነግራት የአንቺን ምክንያት ነው፣ ቃል ሳልቀንስ። ዝርዝሩ የሚዘጋው ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው።

ወንድምሽ ሱሩር
ላንቻ፣ ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.