ምክንያትሽስ?

ጥር 9
ዛሬ አንዲት ደንበኛ ለኮቷ ሁለት ዓይነት ቁልፍ አሳየችኝ። ጥቁር ይሻላል ወይስ ቡኒ? «ሁለቱም ጥሩ ነው» አልኳት። እማዬ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ «የኔ ልጅ ቁልፉም እንዳይቀየማት ትፈራለች» አለች። ተሳሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ... ምን ላድርግ?

ከሰዓት የእንግሊዝኛ መምህሬ የጻፍኩትን ድርሰት መለሱልኝ። ከመጽሐፍ ሸምድጄው ነበር። አንድም ስህተት የለውም። ግን ጥያቄው ስለ አውቶቡስ፣ የኔ ድርሰት ስለ ኢንተርኔት። «ቆንጆ ነው» አሉ። «ግን አንቺ የት አለሽ?»

ባለፈው የእንግሊዝኛ ፈተና የወደቅኩትም በዚሁ ነው። ድርሰት፣ ከዘጠኝ አምስት። የጤና ረዳት የሚያሠለጥነው ትምህርት ቤት ስድስት ይፈልጋል። ምዝገባው መጋቢት መጨረሻ ላይ ይዘጋል። የቀረኝ አንድ ፈተና ነው።

ጥር 11
መምህሩ የሚሉት... መጀመሪያ ምን እንደማስብ። ከዚያ ለምን። ከዚያ በዓይኔ ያየሁት አንድ ምሳሌ። የማይስማማኝ ሰው ምን እንደሚልና ለሱም መልስ። አርባ ደቂቃ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ቃል።
ምን እንደማስብ... ማን ጠይቆኝ ያውቃል?

ጥር 15
ምንም አልጻፍኩም። ስድስት ሱሪ አሳጠርን።

ጥር 18
እማዬ ካውያውን እያሞቀች «ምን ያስተክዝሻል?» አለችኝ። የዛሬው ጥያቄ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ስልክ መያዝ አለባቸው ወይ ነው አልኳት።
«አንቺስ ምን አልሽ?»
«የለባቸውም።»
«ለምን?»
«ያዘናጋቸዋል...»
«ዝንብም ያዘናጋል። መስኮቱ ይደፈን?»
 ሸሚዙን ገልብጣ መተኮሷን ቀጠለች። «በይ እንጂ! እኔ እኮ ማንበብ እንኳን አልችልም። በኔ ልትሸነፊ ነው?»
ተናደድኩ። ዝንብ መልስ አታቀብልም፣ ስልክ ግን ያቀብላል አልኩ። ያለፈው ዓመት ሁለት ልጆች በስልክ መልስ ሲቀባበሉ ተይዘው ተባረዋል አልኩ። ጮክ ብዬ ነበር መሰለኝ።
እማዬ ካውያውን አስቀመጠች። «ይኸው! ይሄንን ጻፊው።»
ጻፍኩት።

የካቲት 2
ሙግታችን በየቀኑ ሆኗል። መተኮስ ስንጀምር ጥያቄውን እነግራታለሁ፣ እኔ ያልኩትን ሰምታ ሆን ብላ ተቃራኒውን ትይዛለች። ዛሬ ያዝኳት። «ትናንት እኮ እንደዚህ አላልሽም!» «ትናንት የተናገርኩት ለትናንት ነው። ያንቺን ንገሪኝ» አለች። አታፍርም!
መምህሩ ከድርሰቴ ግርጌ በቀይ «ማነው እንዲህ የሚሞግትሽ?» ብለው ጽፈዋል።

የካቲት 10
ዛሬ ጥያቄ ያመጣችው እሷ ናት። የተበላሸ ዚፕ እየፈታች፣ ፊቴን ሳታይ።
«ልጅ እናቷን ትታ ለትምህርት ሩቅ ከተማ መሄድ አለባት?»
ትምህርት ቤቱ በአውቶቡስ የስምንት ሰዓት መንገድ ነው።
«ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም» አልኩ።
«ቢመጣስ?»
«...ሁለቱም ጥሩ ነው።»
አልሳቀችም። ዓይኗ ደክሟል። መርፌዋ ላይ ክር የማስገባላት እኔ ነኝ። ሁለታችንም እናውቃለን።
ወሬ ቀየረች። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ስፌት ልትማር ከቤት ስትወጣ አያቴ ሦስት ቀን አኩርፋ እህል አልቀመሰችም። ተጸጸትሽ ወይ አልኳት።
«እኔ እንጃ። የስፌት መኪናውን ሳየው ሁሉንም ረሳሁት።»

የካቲት 22
ፈተናው ዛሬ ነበር። ወረቀቱን ገለጥኩት። ወጣቶች ለትምህርት ከቤተሰብ ርቀው ይሂዱ ወይስ ቤተሰባቸውን እየረዱ ይቅሩ?
የድሮው ሽምደዳ መጣብኝ። መግቢያው፣ ትልልቅ ቃላቱ... ተውኩት። አምስት ደቂቃ ያህል እርሳሴን አየሁ። ከዚያ ጻፍኩ።
ቤት ስገባ እማዬ «ምን መጣ?» አለች። «ስለ ፕላስቲክ» አልኩ።
ለምን ዋሸሁ?

የካቲት 23
ዛሬ ያለ ጥያቄ ተኮስን።

መጋቢት 7
ውጤቱ በስልክ መጣ። ድርሰት፣ ስድስት ተኩል። ሌላውም ሁሉ ከስድስት አልወረደም። እማዬ ቁጥር ታውቃለች። «ለፕላስቲክ ይሄን ሁሉ ሰጡሽ?» አለች።
ነገርኳት። ጥያቄው ምን እንደነበር።
መቀሱን አስቀመጠች።
«ምን ብለሽ ጻፍሽ?»
«ይሂዱ ብዬ።»
ደንበኛ መጥታ ቀሚሷን ወስዳ ወጣች። እማዬ ፈገግ ብላ ሸኘቻት። በሩ እንደተዘጋ ወደኔ ዞረች።
«ምክንያትሽስ?»
«ሙያ የያዘች ልጅ ራሷንም እናቷንም ትችላለች ብዬ።»
«የማይስማማው ሰውስ?»
«እናትየው ብቻዋን ትቀራለች አለ። መርፌዋ ላይ ማን ክር ያስገባላታል አለ።»
«ምን መለስሽለት?»
«...እውነቱን ነው ብዬ ጻፍኩ። ይከብዳል ብዬ። ቢከብድም ትሂድ ብዬ።»
«ምሳሌሽ ማነው?»
«አንቺ። በአሥራ ስድስት ዓመትሽ።»
ሜትሩን አንገቷ ላይ አደረገችው፣ አወረደችው፣ እንደገና አደረገችው።
«እና ለኔ ታሪክ ስድስት ተኩል ብቻ?» አለች። 

መጋቢት 14
ተመዘገብኩ።

መጋቢት 20
ዛሬ ሠላሳ መርፌ ላይ ክር አስገብቼ ስፖንጅ ላይ ሰካሁላት። ነጭ አሥር፣ ጥቁር አሥር፣ የተቀረው ድብልቅ። ሲያልቅስ? አልኳት። የጎረቤት ልጅ እጠራለሁ አለች።
ከዚያ ለመንገዴ የምትሰፋልኝን ኮት ትከሻ ለካች። እዚያ ይበርዳል አሉ። ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ በተነች።
«ጥቁሩ ነው የሚያምረው።»
«ቡኒው» አልኩ።
«ምክንያትሽስ?»
«ደስ ስለሚለኝ።»
«ይሄ ምክንያት አይደለም!» አለች።
ቡኒውን ሰፋችልኝ።